ለተጣበቀ አፈሙዝ ጊደር አይሸጥም

ባለፈው ስለ ጤፍ በመስመር መዝራት የጀመርኩትን ዛሬ እጨርሳለሁ ብዬ ነበር። ይቅርታ፣ እሱ ለሚቀጥለው ይደር። ዛሬ የማወራው ስለ አሮጌ ጠመንጃ ነው። «ዲኤ ጠመንጃ ውስጥ ምን አገባው? ስለ ማዳበሪያ አያወራም?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ነገሩ እኔ ዘንድ የመጣው ግን በጊደር በኩል ነው።

አጎቴ ባለፈው ሰሞን ደወለልኝ። «ልጄ፣ ያቺ ድቅል ጊደር አሁን ገበያ ብትወጣ ስንት ታወጣለች?» አለኝ። ደነገጥኩ። ጊደሯን አውቃታለሁ፤ አዳቃዩን ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ። የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ሁለት ወር ቢታገሱ ወተትም ጥጃም አለ። «ምን ገጠመዎት? የታመመ ሰው አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። «የለም፣ ደህና ነን። የአባቴን ምንሽር አፈሙዝ ላስቀይር ነው» አለኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። ጠመንጃውን አወረደልኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ግድግዳ ላይ የማውቀው ነው። እኛ ቤት ምንሽር ይባላል እንጂ ቤልጅግ ነው፤ ቤልጅየም ውስጥ ሄርስታል በምትባል ከተማ ተሠርቶ ከጣሊያን ወረራ በፊት ወደ አገራችን ከገቡት አንዱ። አያቴ ይዞት ዱር ገብቷል፣ ይዞት ተመልሷል። የአፈሙዙ ውስጥ (ቱቦውን ማለቴ ነው) ዝገት በልቶት እንደ ተቦረቦረ ጥርስ ሆኗል። አጎቴ ከአንድ ነጋዴ ሌላ አፈሙዝ በቀብድ ይዟል። ባለእጁ ዘንድ ወስዶ በሞርሳ አሳስሮ፣ የቧንቧ መፍቻ አግብተው ሦስት ጎረምሳ ተንጠላጥሎበት አሮጌው አልነቃነቅ ብሏል። አሁን የቀረው ምክር «ወናፍ ላይ አግለን እናላቅቀው» የሚል ነው። የቀረውን የአፈሙዝ ዋጋና የእጅ ዋጋውን የምትከፍለው ጊደሯ ናት።

«ይቻላል እኮ፣ እየው» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። የልጁ ልጅ ያወረደለት ቪዲዮ ነው። አንድ ፈረንጅ አሮጌ ጠመንጃ ይዞ፣ ትንሽ ታግሎ፣ ቋ! አድርጎ አፈሙዙን ይፈታዋል። አስር ደቂቃ አይሞላም።

እውነቱን ለመናገር ቪዲዮው ውሸት አይደለም። እንዲያውም እነዚህ ፈረንጆች የሚያላቅቁት ጠመንጃ አንዳንዱ የኛው ነው። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤት የወጡ ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ተሽጠዋል፤ የጣሊያኑም፣ የቤልጅጉም፣ ውጅግራውም አለበት። የሚገዟቸው ሰብሳቢዎች ናቸው፣ እንደ ቅርስ የሚይዙ። እነሱም ዘንድ አፈሙዝ ይጣበቃል።

አጎቴ ያላየው ግን ፈረንጁ የሚያወራውን ነው። ቋንቋው አይገባውማ። እጁን ያያል፣ አፉን አይሰማም። እኔ ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አዳመጥኩት፤ የዲፕሎማ እንግሊዝኛዬ ለዚህ ለዚህ ይበቃል። ሰውየው ከመጀመሩ በፊት ለቀናት ዝገት ሰርስሮ የሚገባ ዘይት እንዳስጠጣው ይናገራል። ለዚያ ጠመንጃ አካል ልክ የተሠራ መያዣ አለው። አልላቀቅ ያለውን አፈሙዝ ቶርኖ ላይ አስሮ ከአንገቱ ጥቂት ይበጣዋል፤ ያኔ ውጥረቱ ይላላል፣ አሮጌው አፈሙዝ ግን ለዘላለም ተበላሸ ማለት ነው። አንድ ነገር ደግሞ ደጋግሞ አስጠነቀቀ፤ በእሳት አታግሉት።

ይሄን የመጨረሻውን ለእናንተ ማስረዳት አይከብደኝም፣ ምክንያቱም ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እሳት ውስጥ ወድቆ ያደረ ማጭድ ምን ይሆናል? መልኩ ያው ማጭድ ነው። ስትስሉት ግን ስለት አይዝም፣ ይታጠፋል። ለምን ቢባል ባለእጁ አግሎ ውሃ ሲያጠጣው ያገኘው ጥንካሬ በእሳቱ ሄዷል። የጠመንጃውም አካል እንደዚሁ ነው። አፈሙዙ የሚገባበት፣ መቀርቀሪያው የሚቆለፍበት ያ ብረት ፋብሪካው ውስጥ በልዩ ሙቀት ታክሞ ላዩ ጠንካራ፣ ውስጡ ደግሞ የማይሰበር ተደርጎ ነው የተሠራው። ወናፍ ላይ ቀልቶ ሲወጣ ያ ሁሉ ይጠፋል። በዓይን ምንም አይታይም። ቢወለወል ያብረቀርቃል። መቀርቀሪያው የሚቆለፍበት ቦታ ግን እንደዚያ ማጭድ ለስላሳ ሆኗል።

ያ ቦታ የሚሸከመውን አስቡት። አንዲት የቤልጅግ ጥይት ስትተኮስ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ባጃጅ ጎማ ውስጥ ካለው አየር ከ1000 እጥፍ በላይ ነው። ይሄ ሁሉ ከፊታችሁ አንድ ስንዝር በማትሞላ ቦታ ላይ። ጉንጫችሁ ሰደፉ ላይ ነው፣ ዓይናችሁ ከመቀርቀሪያው ኋላ ነው።

እሺ፣ ያለ እሳት ተላቀቀ እንበል። አዲሱ አፈሙዝ ገባ። ስንት ዙር ይጥበቅ? በቃ የሚባለው የት ላይ ነው? ባለእጁ «እስኪያቅተው ድረስ» ይላል። ነገር ግን አፈሙዙ ሲገባ በጥይቱ ቀለህ ኋላና በመቀርቀሪያው መካከል የሚቀረው ክፍተት የአንድ የሁለት ፀጉር ውፍረት ቢበልጥ ቀለህ ሊቀደድ ይችላል። ሲቀደድ እሳቱ ወደ ፊት አይሄድም፣ ወደ ተኳሹ ነው የሚመለሰው። ፈረንጁ ይሄን ክፍተት የሚለካው ለዚያ ጥይት ዓይነት በተሠራ የብረት መለኪያ ነው። አንዱ መለኪያ ሲገባ መቀርቀሪያው መዘጋት አለበት፣ ሌላው ሲገባ መዘጋት የለበትም። በእኛ ወረዳ ይሄ መለኪያ ያለው ባለእጅ አላየሁም። ማረሻ ሲያሳምር የሚስተካከለው የለም፣ ስሙን ማጥፋቴ አይደለም። የሌለውን መለኪያ ግን በብልሃት አይተካውም።

ሌላው ደግሞ ስሙ ነው የሚያጠፋን። እኛ አገር አሮጌ ጠመንጃ ሁሉ ምንሽር ነው። ነጋዴውም «የምንሽር አፈሙዝ ነው» ብሎ ይሸጣል። የየትኛው ምንሽር? ቤልጅጉ 7.92 ሚሊ ሜትር ነው የሚተኩሰው። የጣሊያኑ ካርካኖ በብዛት 6.5 ነው። የፈረንሳዩ ለበን 8 ሚሊ ነው። 7.92ና 8 ለጆሮ ይቀራረባሉ፣ ጥይቶቹ ግን ፈጽሞ አይገናኙም፤ የቀለሁ ቅርፅ ራሱ ሌላ ነው። ውጅግራ ደግሞ የ1874 የፈረንጆች ዘመን ሥሪት፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ ለድሮው ጭሳም ባሩድ የተሠራ ነው። አጎቴ የያዘው አፈሙዝ ምን እንደሆነ ነጋዴውም አያውቅም፣ ቁጥሩም ተሞርዷል። ቁጥሩ ለምን እንደተሞረደ እናንተው ገምቱት።

እዚህ ላይ አንድ ያየሁትን ልናገር። ባለፈው ዓመት ከእኛ ራቅ ባለ ቀበሌ ሰርግ ላይ ነበርኩ። አንድ ሰው እንዲህ የተጠገነ ጠመንጃ ይዞ ለደስታ ወደ ሰማይ ተኮሰ። የመጀመሪያዋ ደህና ወጣች። ሁለተኛዋ ላይ ድምፁ ሌላ ሆነ። ሰውየው ቀኝ ዓይኑን በጋቢው ሸፍኖ ተቀመጠ። ሙሽራዋ ሳትወጣ እሱን በቃሬዛ ይዘን ወደ መንገድ ወጣን። ዛሬ አለ፣ በአንድ ዓይኑ ያርሳል። በሬዎቹን ከቀኝ በኩል ልጁ ነው የሚያይለት።

ይሄን ለአጎቴ ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ ግን ትክክለኛውን ጥያቄ አመጣ። «እሺ፣ ዝንጀሮውንስ? የዱር አሳማውንስ? በአፍህ ነው የምታባርርልኝ?»

ጥያቄው የቀልድ አይደለም። በቆሎው እሸት ሲይዝ አንድ ሌሊት ያልጠበቀ ሰው ጠዋት አገዳ ነው የሚያገኘው። ነገር ግን ሒሳቡን አብረን ሠራን። ጠመንጃው ላለፉት ስንት ዓመታት ለሰብል ጥበቃ ስንቴ ተኮሰ? አጎቴ አስቦ አስቦ «ሁለቴ» አለኝ። ጥይቱ የት ይገኛል፣ ስንት ይገዛል የሚለውን ለእናንተ አልነግርም፣ ታውቁታላችሁ። ሰብሉን በእውነት የጠበቀው ማነው ካላችሁ ማማው ነው፣ ወንጭፉ ነው፣ ውሻው ነው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጅራፉ ነው። ጥሩ ጅራፍ በጎበዝ እጅ ሲጮኽ ከጠመንጃ ምን ያንሰዋል? ቡሄ ላይ ጆሯችን ይደነቁር የለ እንዴ። ዝንጀሮ ብልጥ ነው፣ አንድ ዓይነት ማስፈራሪያ ይለምዳል። ስለዚህ እየቀያየራችሁ፣ አንድ ቀን ጅራፍ፣ አንድ ቀን ቆርቆሮ፣ አንድ ቀን ሰውና ውሻ። የማሳ አዋሳኞች ተስማምተው በወረፋ ቢጠብቁ ደግሞ ማንም ሳምንቱን ሙሉ አያድርም። (ጭላዳ ያለባችሁ ደጋማ ቀበሌዎች፣ ጭላዳ ከአገራችን ውጭ የትም የሌለ ነው፤ መግደሉ በሕግ ያስጠይቃል። አባርሩት፣ አትግደሉት።)

ሌባውንስ ካላችሁኝ፣ ስለ እሱ ብዙ አላወራም። ጊዜው ስለ ጠመንጃ ለማውራት እንደማይመች ሁላችንም እናውቃለን። እኔ የማወራው አያት ስላወረሱት፣ ግድግዳ ላይ ስላለ ብረት ነው። ይሄን ብቻ ልበል፤ ሊፈነዳ የሚችል ጠመንጃ ከሌባው ይልቅ ለባለቤቱ ነው የሚያሰጋው። ሕጉንም አትርሱ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቷል። መያዙም መጠገኑም ፈቃድ ይፈልጋል። ቁጥሩ የተሞረደ አፈሙዝ ገዝቶ አባት ያወረሱትን ሕጋዊ መሣሪያ ላይ መግጠም ንጹሑን ነገር በገዛ እጅ ማቆሸሽ ነው።

ከዚያ በኋላ አጎቴ ያለውን ስሰማ ነው ነገሩ የአፈሙዝ እንዳልሆነ የገባኝ። «ስሞትስ? አባቴ ሲቀበር በዚህ ነው የተተኮሰለት። እኔ ስቀበር በምን ይተኮስልኛል?»

መልስ አጣሁ። የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ለዚህ ምን ይመልሳል? ቡና እስኪፈላ ዝም ብለን ተቀመጥን። ኋላ የተናገረችው አክስቴ ናት። «በአባትህ ለቅሶ ላይ ጠመንጃው ወጥቶ ሲፎከርበት ነው ሰው ያለቀሰው። ጥይቱን ማን ያስታውሳል?» አለችው። እውነቷን ነው። የጀግና ለቅሶ ላይ ፈረሱ ይወጣል፣ ጋሻው ይወጣል፣ ጠመንጃው ይወጣል፤ ሙሾ አውራጇ እያነሳች ታለቅስበታለች። ለዚህ ጠመንጃው መተኮስ የለበትም። የአያቴ እጅ የነካው መሆን አለበት እንጂ። አፈሙዙ ሲቀየር፣ ሰደፉ ሲቀየር፣ ነገ መቀርቀሪያው ሲቀየር የማን ጠመንጃ ነው የሚወጣው? የነጋዴው?

ስለዚህ የእኔ አቋም ይሄ ነው። አፈሙዙ ከተጣበቀ ይጣበቅ። ውስጡ ተበልቶ ከሆነ መተኮሱን አቁሙ። ጠመንጃውን ግን ጠብቁት፣ ምክንያቱም የቤታችሁ ታሪክ እሱ ላይ ነው ያለው።

አጠባበቁን ደግሞ አብዛኞቻችን እናበላሸዋለን። እኛ ቤትም ቢሆን። መጀመሪያ፣ ጥይት ውስጡ አለመኖሩን በዓይን ብቻ ሳይሆን ጣት አስገብታችሁ አረጋግጡ፤ «ባዶ ነው» የተባለ ጠመንጃ ስንት ሰው ገድሏል። ሁለተኛ፣ አፈሙዙን የበላው ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ጨው ነው። የድሮ ጥይቶች መለኮሻ ሲቃጠል ቱቦው ውስጥ ጨው ትቶ ይሄዳል። ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል፣ የአሞሌ ከረጢት ክረምት ላይ እንደሚያለቅሰው ማለት ነው። ጨውን ዘይት አያነሳውም፣ ውሃ ነው የሚያነሳው። የድሮ ወታደሮች ከተኮሱ በኋላ የፈላ ውሃ በቱቦው ያሳልፉ የነበረው ለዚህ ነው። በፈላ ውሃ ታጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ እስኪደርቅ ተወልውሎ፣ ከዚያ ስስ ዘይት። የምን ዘይት? የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል፣ ከሱቅ ይገኛል። ቅቤ አይሆንም። የኑግ ዘይት አይሆንም፤ ሲከርም እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ ቆሻሻውንና አሲዱን ይዞ ነው የሚመጣው፣ እሱም ይቅር።

አፈሙዙን በጨርቅ መወተፍ የሚወድ ሰው ብዙ ነው፣ አቧራ እንዳይገባ ብሎ። ጨርቁ እርጥበት ይይዛል፣ ከጫፉ ጀምሮ ይበላዋል። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ተረስቶ ቢተኮስ ቱቦውን ያብጠዋል ወይ ይሰነጥቀዋል። ጭቃ የወተፈውም ያው ነው። አሮጌ ጥይት ተኩሳችሁ ድምፁ «ጵ» ብሎ ደክሞ ከወጣ ደግሞ እርሳሱ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ሁለተኛ ጥይት ለማስወጫ ብላችሁ እንዳታስከትሉ። የተሰነጠቀ አፈሙዝ ያየሁት ሁሉ ታሪኩ ይሄው ነው።

አሮጌ ጥይት ጎተራ ውስጥ እህል ላይ የምታስቀምጡ፣ አውጡት። ልጆች እህል ሲቀዱ ነው የሚያገኙት። ለቀበሌው ፖሊስ ወይም ሚሊሻ ነግራችሁ አስረክቡ።

የጊደሯን ነገር ልጨርስ። እስከ ትናንት ድረስ አልተሸጠችም። አጎቴ ለሁለት ሳምንት አኩርፎኝ ነበር፣ ስልክም አላነሳም። ትናንት ማታ ራሱ ደወለ። ነጋዴው ቀብዱን ግማሹን ብቻ ነው የምመልሰው ብሎታል፣ ሽማግሌ ሊልክበት ነው። ጠመንጃውን አክስቴ በፈላ ውሃ አሳጥባው መልሶ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። «ከቱቦው የወጣውን ዝገት ብታይ እንደ ቡና አተላ ነው» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጊደሯ ጡቷ ማቆጥቆጥ ጀምሯል፣ ምን ልስጣት?» አለ። ፉርሽካና ኑግ ፋጉሎ ትንሽ በትንሽ እንዲጀምርላት፣ ንጹሕ ውሃ እንዳታጣ፣ ከሌሎቹ ከብቶች ግፊያም እንዲለያት ነገርኩት። እሑድ ሄጄ አያታለሁ።